የምክር ዓምድ፦ በጓደኛዬ ሙት ዓመት ስለ በረራው ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ከጎንደር፣ አዘዞ የደረሰን ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቀርባለን። ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦

«እኔና ሟቹ ጓደኛዬ አዘዞ ላይ አብረን ያደግን ነን። ኋላ አሜሪካ፣ ዴንቨር ተገናኝተን፣ ከሥራችን ውጪ ለመዝናኛ ያህል ማብረር ተማርንና ፈቃድ አወጣን። ሴስና 172 የምትባል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እየተከራየን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተፈራረቅን አበረርን። ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ አብረን ልንበር በተቀጣጠርንበት ቅዳሜ ልጄ ታሞብኝ ቀረሁ፤ እሱ ብቻውን ተነሥቶ ተራራ ሥር ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ መጥቶ እዚሁ ተቀብሯል። አሁን ለሙት ዓመቱ መጥቻለሁ። ቤተሰቡ ሁለት ቃል እንድናገር ጠይቆኛል፤ አጎቱ ግን ‹ስለ አውሮፕላኑ አንድም ነገር እንዳታነሣ፤ ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው ብሎ ነው የሞተው፤ የሰው መሳቂያ አታድርገን› ብለውኛል። እናቱ ደግሞ ሰው በሌለበት ይዘውኝ ‹ልጄ ሲወድቅ ፈርቶ ነበር? ጥፋቱስ የእሱ ነበር?› እያሉ ይጠይቁኛል። የ14 ዓመት ሴት ልጁ እኔም ማብረር እማራለሁ ትላለች። በረራዎቹን የጻፈበት ደብተር፣ የበረራ መዝገቡ፣ በእጄ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም። ምን ልናገር? ምንስ ላድርግ?»

የተከበሩ ጠያቂያችን፣

በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ለወጉ ያህል አላልኩትም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ዓመት አዘዞ ላይ ድንኳን ተጥሎ የተለቀሰው ለልጅ፣ ለወንድምና ለአባት እንደነበረ፣ ለአብራሪው ግን እስከ ዛሬ ማንም እንዳላለቀሰለት ነው። ጎንደር ውስጥ ለአብራሪው ሊያለቅስለት የሚችል ሰው ከእርስዎ በቀር የለም፤ ያንኑ ሰው ደግሞ ዝም በል ብለውታል። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ይናገሩ። ነገር ግን ያላዩትን አወዳደቁን ትተው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዓይንዎ ያዩትን አበራረሩን ይናገሩ።

ይሁን እንጂ አጎቱን ሳያማክሩ ከሰው ፊት እንዳይቆሙ አደራ። ከዕለቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው፣ ቢቻል የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ ይዘው ቤታቸው ይሂዱና የሚናገሩትን ቃል በቃል አስቀድመው ያሰሟቸው። የእሳቸው ቁጣ ሐዘን ነው፤ በሐዘኑ ላይ ደግሞ የሰው አፍ ፍርሃት ተጨምሮበታል። በእድሩ መካከል «ሰማይ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?» የሚለውን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲሸሹት ኖረው ይሆናል። እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሳቸው ከሚያውቁት ነገር ተነሥቶ ነው።

ጉግስን ያንሡላቸው። አባቶቻችን በበዓል ቀን ፈረሳቸውን ሸልመው ጉግስ ሲጫወቱ እንጀራ ፍለጋ አልነበረም። ዘንጉ ሲወረወር፣ ጋሻው ሲመክት፣ ፈረሱ ሲደናቀፍ የተሰበረ አለ፤ የሞተም አለ። በጉግስ ሜዳ ወድቆ የቀረን ሰው «ለደስታው ብሎ ሞተ» ብሎ ያፈረበት ቤተሰብ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲያውም ፈረሰኛነቱ በሙሾው ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣ ነበር። ሰማዩም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ «ፀሐይ» የተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ አገር ውስጥ ሠርቷት በርራለች። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወስዷት ከሰማንያ ዓመት በላይ ካቆያት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። አጎቱ ይህን ዜና ሰምተው ደስ ብሏቸው እንደነበር እገምታለሁ፤ ያቺ አገር ያከበረቻት አውሮፕላን እና የወንድማቸው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ያበራት የነበረችው ሴስና በመጠናቸው ብዙም የማይራራቁ መሆናቸውን ይንገሯቸው።

«ደስታ» የሚለውን ቃልም ያብራሩላቸው፤ እሳቸው ሲሉት ጨዋታና ዋዛ ማለታቸው ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር፣ የጤና ምርመራ ማለፍ፣ በጽሑፍ፣ በቃልና በአየር ላይ መፈተን ግድ ነው። ይህ ሁሉ ከተደረገም በኋላ የግል አብራሪ በበረራው ደመወዝ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክለዋል፤ ቢበዛ አብሮት ከሚበር ሰው ጋር የነዳጁንና የኪራዩን ወጪ መካፈል ይችላል። እንግዲህ አጎቱ እንደ ነውር የቆጠሩት «ለእንጀራው አይደለም» የሚለው ነገር፣ በዚያ አገር ለግል አብራሪ የተጻፈ ሕግ ነው ማለት ነው።

በልጅነቴ ደምቢያ ውስጥ በአንድ የታወቁ ፈረሰኛ ለቅሶ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ሳለ ፈረሳቸው ኮርቻው ተጭኖ፣ በኮርቻው ላይ በርኖሳቸው ተጥሎበት፣ በአንድ ልጅ እየተሳበ መሐል ገባ። ባዶው እርካብ እየተወዛወዘ ጎኑን በነካው ቁጥር ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ይመልስ ነበር፤ ጌታው ሊወጡበት የተነሡ መስሎት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቀስ ብሎ ሲለቀስ የቆየው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወደ ጩኸት የተለወጠው ያን ጊዜ ነበር። ሰውየው ማን እንደነበሩ ከፈረሱ በላይ የነገረን አልነበረም። በአብራሪዎች ዘንድም የዚህ ዓይነት ወግ አለ፤ አንድ አብራሪ ሲሞት ባልደረቦቹ አውሮፕላኖቻቸውን አሰልፈው በቀብሩ ላይ ያልፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ከሰልፉ ተነጥሎ ሽቅብ ይወጣና ቦታው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ጎንደር ላይ አውሮፕላን ማሰለፍ ፈቃዱም ወጪውም የሚሞከር አይደለም፤ አያስፈልግዎትምም። ፎቶግራፉ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሲያበር በጆሮው ላይ የሚያደርገውን ማዳመጫ እና የበረራ መዝገቡን ያስቀምጡ። የእኛ ሰው ያለ ጌታው የቀረ ዕቃ ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አይጠብቅም።

ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው፣ ሕዝቡ ከተመረቀ በኋላ ንግግሩ የእርስዎ ነው። በዳሱ ውስጥ ከሚቀመጠው ሰው አብዛኛው አውሮፕላን የሚያውቀው ከታች ሆኖ ሲያልፍ በማየት፣ ቢበዛ ደግሞ በመንገደኛነት በመስኮቱ በኩል ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ስላለው ነገር ብዙ አይድከሙ፤ ከመነሣቱ በፊት መሬት ላይ ያደርገው የነበረውን ይንገሯቸው። ባላተምነው የደብዳቤዎ ክፍል የጻፉልኝን እኔ እንኳ አውሮፕላን መሪ ነክቼ የማላውቀው ሰው ያየሁት ያህል ተሰምቶኛል። ገና ጎህ ሲቀድ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ብርጭቆ በመሰለች ጠባብ ማሰሮ ከታንኩ ታች ጥቂት ነዳጅ ይቀዳል፤ ነዳጁ ለመለያ ተብሎ ሰማያዊ ቀለም የተደረገበት ነው። ማሰሮዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያያታል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ፣ በታንኩ ውስጥ ጠብታ ውሃ ገብቶ ከሆነ ከማሰሮዋ ታች እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል፤ ያ ጠብታ ወደ ሞተሩ ቢደርስ ሞተሩን በአየር ላይ ሊያጠፋው ይችላል። አንድ ጊዜ አይቶ አይተውም፤ ደፍቶ ደግሞ ይቀዳል። የነዳጅ መለኪያው ሙሉ ነው ቢልም አያምነውም፤ በክንፉ ድጋፍ ላይ ተንጠላጥሎ የታንኩን ክዳን ከፍቶ በዓይኑ ያያል። የፕሮፔለሩን ስለት በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሳል፤ ጠጠር የላጠው ቦታ እንዳለ ለማወቅ ነው። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ያማትብና ይገባል። ይህን ለመናገር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ጥንቃቄው ይህን ያህል መሆኑን የሰማ ሽማግሌ፣ ሰውየው ለዋዛ የወጣ እንዳልነበረ ከአፍዎ ሳይወጣ ራሱ ይደርስበታል።

ሌላው የምወድልዎ ነገር፣ በወረቀት ላይ ብቻ የበረረው የጎንደር በረራ ነው። አንድ ቀን አገሩ ላይ አበራለሁ ብሎ ስለ አዘዞ አየር ማረፊያ ያሰላውን ስሌት እስካሁን አስቀምጠውታል። ዴንቨር በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ስስ አየር ምን እንደሚያደርግ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉ የሚሸከመው ይቀንሳል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። አዘዞ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላለው፣ በቀትር ሙቀት ሳይሆን በማለዳ ብርድ፣ አንድ ሰው ብቻ ይዞ፣ ነዳጅ ቀንሶ መነሣት እንዳለበት ወስኖ ነበር። ስለ ራስ ደጀን የጻፈውን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ተራራው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ የሴስና 172 የከፍታ አቅም ደግሞ ከ4,000 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በአናቱ ላይ የማለፍ ሐሳቡን ሰርዞ፣ በጎኑ በሩቁ የሚዞርበትን መንገድ በእርሳስ አስምሯል። በሕልሙ እንኳ ከአቅሙ በላይ ያልሄደ ሰው ነው። የአዘዞ ሰው ይህን ወረቀት ማየት ይገባዋል፤ ስለ ሜዳውና ስለ ተራራው የተጻፈ ነውና።

አልቃሽ የሚጠራ ከሆነ ከዋዜማው አግኝተው ይህንኑ ያጫውቷቸው። የአገራችን አልቃሽ ያገኘችውን ዝርዝር አታባክንም፤ ካላገኘች ግን «አንበሳው፣ ጀግናው» ብላ ለሁሉ የሚሆነውን ትላለች። እኔ የአልቃሽ ሙያ ባይኖረኝም ደብዳቤዎን ሳነብ ይህች መጣችልኝ፤ ካገለገለችዎ ይስጧቸው፦

ነዳጁን መርምሮ፣ ክንፉን ዳስሶ ወጣ፤
ሰማዩን ሳይንቀው፣ ቀኑ ቀድሞት መጣ።

አሁን ወደ እናቱ ጥያቄ ልምጣ፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ነውና። «ፈርቶ ነበር?» ሲሉዎት «አልፈራም፤ ወዲያው ነው ያረፈው» ለማለት አንደበትዎ እንደሚቸኩል ይገባኛል። አይበሉ። እርስዎ በዚያ ሰዓት ከታመመ ልጅዎ አጠገብ ነበሩ፤ ያላዩትን ማለት አይችሉም። እናት የተነገራትን ቃል ዕድሜ ልክ ይዛ ትኖራለች፤ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ሌላ ነገር ብትሰማ ልጇ ሁለተኛ ይሞትባታል። አጠገባቸው ቁጭ ብለው «እማማ፣ ያን ቀን አልነበርኩም፤ ስለዚህ አላውቅም። አንድ ጊዜ ግን አብረን ሳለን ነፋስ ሲመታን ያደረገውን አውቃለሁ» ይበሉና እሱን ይንገሯቸው፤ ድምፁ እንዳልተለወጠ፣ መሪውን እንዳላጠበቀ፣ ካረፉ በኋላ ብቻ ረጅም ትንፋሽ እንደተነፈሰ። ልጃቸው በጭንቅ ጊዜ ምን እንደሚመስል ማወቅ ነው የፈለጉት፤ ይህን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ጥፋቱ የእሱ ነበር?» ለሚለው የሚሰጡት መልስ አጭርና እውነተኛ ይሁን። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን አደጋ የሚመረምረው ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን በሳምንታት ውስጥ ቢያወጣም ምክንያቱን የሚገልጸው የመጨረሻው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ በሙት ዓመቱ ዕለት ምርመራው ገና ያላለቀ ሊሆን ይችላልና «ገና አልተነገረም» ይበሏቸው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም የአደጋ ምርመራ ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አለመሆኑን በግልጽ አስፍሯል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አደራ እላለሁ፤ በሕዝብ ፊት ቆመው «አንድም ስሕተት አልሠራም» ብለው እንዳይምሉ። በትንንሽ አውሮፕላኖች አደጋ ላይ የአብራሪው ውሳኔ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ሲገኝ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠንቃቃ ሰውም በአንድ ክፉ ቀን ይሳሳታል። ሪፖርቱ እንዲህ ቢል፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያዩት ጥንቃቄ ሐሰት አይሆንም፤ መሐላዎ ግን ሐሰት ይሆናል። ለእናቱ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው የአገራችን ቃል በቂ መጽናኛ ሊሆናቸው ይችላል፤ ይበሏቸው፣ ምንም ነውር የለበትም። እርስዎ ግን አብራሪ ነዎትና ሪፖርቱ ሲወጣ እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ አለብዎት።

በደብዳቤዎ መጨረሻ «ባልቀር ኖሮ» የሚለውን ሐሳብ አራት ጊዜ ጽፈውታል፤ ቆጥሬዋለሁ። ሁለት ሰው በዚያች አውሮፕላን ውስጥ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሊነግርዎ የሚችል ሰው የለም፤ እኔም ልነግርዎ አልሞክርም። የማውቀው ይህን ነው፦ ልጅዎ ታሞ፣ ሐሳብዎ ተከፋፍሎ ሳለ መቅረትዎ የአብራሪ ውሳኔ ነበር። አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት ስለ ራሳቸው እንዲጠይቁ ከሚማሯቸው ጥያቄዎች መካከል ሕመም፣ ድካም፣ ጭንቀትና የስሜት ሁኔታ እንዳሉበት እርስዎ ያውቁታል። የእሱ መነሣትም የእሱ ውሳኔ ነበር። በበረራ ሕግ የአውሮፕላኑ አዛዥ ለዚያ በረራ የመጨረሻው ባለሥልጣንና ኃላፊ ነው፤ ያን ቅዳሜ አዛዡ ጓደኛዎ ነበር። ውሳኔውን ከእሱ ወስደው የራስዎ ጥፋት ሲያደርጉት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያከበሩለትን አዛዥነቱን እየነጠቁት ነው። ሐዘኑ የእርስዎ ነው፤ ያን ቀን መሪውን የያዘው ግን እሱ ነው።

መልሰው ያብሩ እንደሆነ የሚወስኑት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ። ለማብረር ከወሰኑ ግን ለመታሰቢያው ብለው በሙት ዓመቱ ሰሞን፣ ወደ ወደቀበት ተራራ፣ ብቻዎን እንዳይሄዱ እለምንዎታለሁ። ሕጉ ራሱ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ያላረፈ አብራሪ መንገደኛ እንዳይጭን ይከለክላል፤ እርስዎ ዓመት ሞልቶዎታል። የመጀመሪያው ቀን ከበረራ መምህር ጋር፣ ጸጥ ባለ ማለዳ፣ በሜዳው ዙሪያ ብቻ ይሁን። መምህሩም የሆነብዎትን አስቀድሞ ይወቅ።

የጓደኛዎን ሴት ልጅ በተመለከተ፣ ቃል አይግቡላት፤ አይከልክሏትም። ይህ የእናቷ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ብቻዋን ለመብረር 16፣ የግል ፈቃድ ለማውጣት 17 ዓመት መሙላት አለባት፤ ስለዚህ ለቤተሰቡ ሁሉ የማሰቢያ ጊዜ አለ። የበረራ መዝገቡ ግን የእሷ ነው። መርማሪዎቹና የመድን ድርጅቱ የማይፈልጉት መሆኑን አረጋግጠው፣ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥተው ለራስዎ ያስቀሩና ዋናውን ከሙት ዓመቱ በኋላ እናቷ ባለችበት ይስጧት። ሲሰጧት አብረዋት ይቀመጡና አነባበቡን ያሳዩዋት፤ ቀኑ የቱ ጋ እንደሚጻፍ፣ የተነሣበትና ያረፈበት ሜዳ የቱ እንደሆነ፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚደመር። ከዚያ በጠርዙ ባለችው የማስታወሻ ቦታ በአማርኛ የጻፋቸውን ሦስቱን መስመሮች ያውጡላት፤ ሦስቱም በተለያየ ዓመት፣ በዚያው በእሱ እጅ፣ «ነፋሱ በረታ፤ ተመለስኩ» የሚሉት ናቸው።